ልጄ ያመጣችውን ሰው አዳራሽ ውስጥ «ባሪያ» አሉት፤ እኔ ደግሞ ዋሸሁት

እናት_ከሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንብቤ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ልጄ ነርስ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የምትወደውን ሰው ቤት ይዛው መጣች። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ የመጀመሪያ ቀን ሆዴ ባር ባር አለ። ሀበሻ ጠፍቶ ነው ወይ አልኩ በልቤ። ልጁ ግን አንጀት የሚበላ ሆነ። የትምህርት ቤት አውቶብስ ጥገና ላይ ነው የሚሠራው። ጥፍሩ ሥር ግሪስ አይጠፋም፤ አፉ ግን ማር ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ከእኛ ጋር አስቀድሷል። ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በወንዶች በኩል ይቆማል። እኔ ወገቤን ሲያመኝ ወንበር እፈልጋለሁ፤ እሱ አይቀመጥም። ፊደል ቆጥሮ ጨርሶ አሁን መጽሐፍ ቅዱስ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ሊጠመቅ ትምህርት ጀምሯል።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ታች አዳራሽ ጠበል ጸዲቅ ነበር። ልጄ ሌሊት ሠርታ ስላደረች አልመጣችም፤ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሰልፍ ይዘን ቆመናል። ዳቦ የምታድለው ሴት የማኅበሬ ሰው ናት። ከአሥር ዓመት በላይ አብረን ጽዋ ጠጥተናል። ቢላዋውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አጠገቧ ላለችው፣ «ይሄ ባሪያ ደግሞ የማን ነው?» አለች። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዳቦውን ተቀበለና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። በአማርኛ። ፊቷ አልተለወጠም። ለቀጣዩ ሰው ቆረሰች።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን እያሰረ ጠየቀኝ። «እማዬ፣ ባሪያ አለችኝ አይደል? ጳውሎስ ራሱን የሚጠራበት ቃል ነው?» ለካ ሮሜ ምዕራፍ አንድን ሲያነብ ሰንብቷል። «የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያ ጳውሎስ» ይላል አይደል። ያከበረችው ነው የመሰለው።

«አዎ» አልኩት። ያውም ቆርቤ በዋልኩበት ቀን።

ማክሰኞ ለአንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ደውዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው። «እውነትሽን ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት ሁላችን አንድ ነን» አለኝ። ቀጠለና፣ «ግን አንዳንድ ደካሞች አሉ፣ እንዳይሰናከሉ። ለጊዜው አዳራሽ ባይገባ። ሠርጉም ሲደርስ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ቀለል አድርጋችሁ» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለልጁ ምን ልበለው?

ቡና_በቅቤ

እህቴ አይዞሽ። ሴትየዋ ግን ክፋት አስባ አይመስለኝም። የአፍ ልማድ ነው። እኔ ጠየም ያለውን ወንድሜን «ባሪያው» እያልኩ ነው ያደግኩት፣ በፍቅር። አንቺም አታካብጂው። ልጁ እንደሆነ አልገባውም፤ ያልሰማው ነገር አያመውም።

የዲሲ_ባለታክሲ

«በፍቅር ነው» የምትለዋን ተያት እህቴ። ወንድምሽን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

እማማ፣ እኔ ዲሲ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ይሄን በሽታ ከውስጥ አውቀዋለሁ፣ ስላለብኝ። ማታ ማታ ኮፍያ የደፋ ጥቁር ልጅ እጁን ሲያነሣ መብራቴን አጥፍቼ አልፌ አውቃለሁ። መስታወቴ ላይ የእመቤታችን ስዕል ተንጠልጥላለች። እሷ እያየችኝ ነው ያለፍኩት።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጫንኩ፤ ጡረታ የወጡ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ስዕሏን አይተው ወሬ ጀመርን። ከእሳቸው የሰማሁትን ቤት ገብቼ አነበብኩት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ስሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኛው ጊዮርጊስ። አብሳሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን የሚባሉ ጥቁሮች ከጓደኞቻቸው ጋር ተንበርክከው ይጸልያሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች መጥተው ተነሡ፣ ይሄ ቦታ የእናንተ አይደለም አሏቸው። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሡን አለ። አልታገሡም፤ ከተንበረከከበት ይጎትቱት ጀመር። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም ተነሥተው ወጡ፤ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1816 አለን የራሳቸውን ቤተ እምነት መሠረተ። እስከ ዛሬ አለ።

ኒው ዮርክም ተመሳሳይ ነው። መቀመጫ በቀለም ሲለይባቸው የወጡ ባፕቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1808 የራሳቸውን ከፈቱ። ከሐበሻ ምድር የመጡ ነጋዴዎችም አብረዋቸው ነበሩ ይባላል። ምን ብለው ሰየሙት? አቢሲኒያ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ከመስታወቱ ዓይኔን ሸሸሁ።

ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም። የሚረባ ነገር መስሎኝ።

አርበኛው

ይሄ የአሜሪካ የዘር ፖለቲካ እኛ ቤት ምን ይሠራል? እኛ ቅኝ አልተገዛንም። ሰው በቀለም ለይተን አናውቅም። አንዲት ሴት አፏ ስላመለጣት ቤተ ክርስቲያንን በሙሉ መክሰስ ተገቢ አይደለም። ባሪያ የሚለው ቃልም ድሮ የቀረ ነገር ነው።

የሸክላ_ሠሪዋ_ልጅ

አርበኛው፣ አንብበው እስኪ ይሄን። ስድብ የለበትም።

እኔ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ወንድ አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። በአርባና በሰማንያ ቀን ክርስትና ተነሥተው፣ ሁሉንም አጽዋማት ጾመው፣ ከነማተባቸው ተቀበሩ። መንደሩ ውስጥ ስማቸው ግን ቡዳ ነው። ገና ስንታይ እናቶች የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዓይኔ ምን እንደሚያደርግ በመስታወት አይ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ አያቴን እከተላለሁ። ገዢዋ ትመጣለች። ድስቱን ታነሣለች፣ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ታሸተዋለች፣ ትከራከራለች። ከተስማሙ በኋላ ሳንቲሙን የአያቴ እጅ ላይ አታስቀምጥም። መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች። አያቴ ጎንበስ ብላ ታነሣለች። በዚያ ድስት የፋሲካ ዶሮ ይሠራል።

ወንድ አያቴ ለደብሩ ብዙ ነገር ሠርቷል። የበሩ መቀርቀሪያ የሱ ነው። አንድ የእጅ መስቀልም ሠርቷል። ቄሱ በዚያ መስቀል ሲያሳልሙ አገር ምድሩ ይስመዋል። አያቴ የሚሳለመው መጨረሻ ላይ ነው። ከሱ ቀጥሎ ከንፈሩን የሚያስነካ ስለማይገኝ።

ይሄ አሜሪካ አይደለም። ነጭም የለበትም።

እናቴ፣ ዳቦ የምታድለው ሴትዮ እኔን ብታይ ዳቦውን በደንብ ትሰጠኛለች፤ ቀይ ነኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ብታውቅስ? ይሄን ነገር ዲሲ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባሌም የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ታሪክ_አስተማሪ

ለአርበኛው በአጭሩ። «ድሮ የቀረ» ያልከው በጣም ድሮ አይደለም። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1916 የመንግሥታት ማኅበር ስንገባ ትልቁ ጭቅጭቅ ይሄው ጉዳይ ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ ነው ይላል። እዚያው ደግሞ የጦር ምርኮኛ ባሪያ እንዲሆን ይፈቅዳል። ጾም የሚጾም፣ ታቦት የሚያነግሥ ሰው ነው ሰው ሲሸጥ የኖረው። የተሸጠው ሰው የልጅ ልጆች ዛሬ አጠገብህ ያስቀድሳሉ።

ጴንጤው_ጎረቤት

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እንዳታባርሩኝ።

እኛም ጋ አለ፣ ብዙ አትፈሩ። የአሜሪካ ትልቁ የፕሮቴስታንት ስብስብ፣ ሳውዘርን ባፕቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1845 ሲመሠረት ያጣላቸው ዋና ጉዳይ ባሪያ ያለው ሰው ሚሲዮናዊ መሆን ይችላል አይችልም የሚል ነበር። ይቅርታ የጠየቁት በ1995 ነው። 150 ዓመት። ወንጌል ሲሰብኩ ነበር በመሀሉ፣ እኔንም ያዳነኝ ከነሱ የመጣ ስብከት ነው። የኛን የሀበሾቹን ደግሞ ልንገራችሁ፤ እዚህ ከተማ «በክርስቶስ አንድ ነን» እያልን በየብሔራችን አዳራሽ ተከራይተናል። ኪራዩን ብንደምረው ሕንፃ ይገዛ ነበር።

ቤይሩት_የነበርኩ

ቤይሩት 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳም ክርስቲያን ናት፤ ማሮናዊት። አልጋዋ ራስጌ የማርያም ሐውልት አለ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ የምትሄደው ልጆቹን እንድይዝላት ነው። ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። በቅዳሴያቸው መሀል ሰላምታ የሚለዋወጡበት ሰዓት አለ፤ እጅ ለእጅ ይቀባበላሉ። ሰላምታው እኔ ጋ ሲደርስ ይቆማል። 6 ዓመት ሙሉ አንዲት ፊሊፒናዊት ብቻ ናት ከግድግዳው ማዶ መጥታ እጄን የያዘችኝ፤ እሷም አንድ እሁድ።

ሲናደዱ «ዓብዲ» ይሉኝ ነበር። ባሪያ ማለት ነው። ሀገሬ ስገባ ይሄ ሁሉ ያበቃል ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ በደስታ ቡና አፈላች። ሠራተኛችን ቤንሻንጉል የመጣች ልጅ ናት። ሳህኗ ለብቻ ነው፤ ከመደርደሪያው ሥር መሬት ላይ ተደፍቷል። እናቴ፣ «ይቺ ባሪያ ጨው አታውቅም» አለችኝ እየሳቀች።

ማዳም ትዝ አለችኝ። ቡናው አልወረደልኝም።

ዲያቆኑ

እናታችን፣ እንደ አንድ አገልጋይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ስለ ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሰምተዋል፤ ሰኔ 24 ይታሰባል። ሽፍታ የነበረ፣ በኋላ በገዳመ አስቄጥስ መንኩሶ ቅስና የተሾመ ጥቁር ሰው ነው። ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትኑት ካህናቱን አዘዟቸው፤ ወደ መቅደስ ሲገባ አባርሩት አሏቸው። «አንተ ጥቁር ውጣ» አሉት። ወጣ። ሲወጣም ራሱን፣ «አንተ ቆዳህ የጠቆረ፣ የሚገባህን አደረጉህ» ሲል ሰሙት።

ይህን ታሪክ ቢያንስ አሥር ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ሁልጊዜ የምሰብከው የሙሴን ትሕትና ነው። ስድቡ ለምን በቆዳው መጣ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የእርስዎን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ነው የታየኝ። የተሰደበውን ታገሥ እንለዋለን። ሰዳቢው ዳቦ ማደሉን ይቀጥላል።

ስለ «ደካሞች እንዳይሰናከሉ» ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ስለ ሥጋ መብላት ነው። ብርቱው የራሱን መብት ይተው ነው ያለው። የሌላ ሰው ቦታ ይነጠቅ አላለም። እንዲያውም ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ልክ ይህንኑ ነበር ያደረገው። ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ሸሸ። በርናባስ እንኳ ተከተለው። ጳውሎስ ለብቻው ጠርቶ፣ ቀለል አድርጎ፣ ማለዳ ሰው ሳይበዛ አልነገረውም። በሁሉ ፊት ገሠጸው። ገላትያ 2ን ያንብቡ።

ዘኍልቍ 12ንም። እዚያ የምትሰደበው የነቢዩ ሙሴ ሚስት ኢትዮጵያዊት ናት፤ ማለት የእኛው ልጅ። ተሳዳቢዋ እህቱ ማርያም 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። ሕዝቡ ግን እሷ እስክትመለስ ጉዞ አልቀጠለም። ይህቺን ክፍል እወዳታለሁ። ሴትየዋንም ጥለን አንሄድም ለማለት ነው።

ጆበርግ_ሱቅ

ዲያቆን፣ «ደካሞች» የምትለዋን ነገር ሳነብ ብድግ አልኩ።

እኔ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚህ አገር የአፓርታይድን በር የከፈተችው ያች ቃል ናት ቢባል አልተጋነነም። እ.ኤ.አ. በ1857 የኔዘርላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ኬፕ ላይ ተሰበሰበ። ጥያቄው ነጭና ጥቁር አብረው ይቁረቡ ወይስ ለየብቻ ነው። ሲኖዶሱ በመጽሐፉ መሠረት አብረው ቢሆኑ መልካም ነው አለ። ግን ስለ አንዳንዶች ድካም ለየብቻ ቢያመልኩ ይፈቀዳል አለ። «ስለ አንዳንዶች ድካም»፣ ሌላ አይደለም። በ1881 ለየብቻ የነበረው ራሱን የቻለ የክልሶች ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከጽዋ የጀመረ ነገር ባቡር ላይ፣ ትምህርት ቤት ላይ፣ አልጋ ላይ ደረሰ። የክልሶቹ ቤተ ክርስቲያን ቤልሃር በሚባለው የእምነት መግለጫ ይህ ኃጢአት ነው ብላ ያጸደቀችው በ1986 ነው። እማማ፣ ያ ደግ ሰው ለእርስዎ የነገረዎት የ1857ቱን ውሳኔ ነው። አያውቀውም እንጂ።

ሌላ ደግሞ። ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት አገልጋይ ነበረ፣ ጥቁር። ነጮቹ በስብሰባ ለይተው ሲያስቀምጧቸው እ.ኤ.አ. በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ወጥቶ የራሱን መሠረተ። ስሟ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ነው። ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ያየው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነው፤ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች»። ከአድዋ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የዓለም ጥቁር ከየቤተ ክርስቲያኑ ሲገፋ በእኛ ስም ተጠለለ። እኛ ደግሞ እሱን «ባሪያ» እንለዋለን።

ቅዱስ ነኝ አልልም። እዚህ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። ሁለት ጊዜ ተዘርፌያለሁ። ከዘረፉኝ አንዱን እሁድ ነጭ ለብሶ ከበሮ ሲመታ አይቼዋለሁ። በዚያን ቀን አፌ ላይ የመጣው ቃል ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሌባ ማለት ይበቃኝ ነበር።

አርበኛው

ስለ ሰሜን ሸዋው አያት ያነበብኩት አልለቀቀኝም። እኛ ሰፈርም ነበሩ። ልጃቸው የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ አንድ ቀን ቤታቸው ጠርቶኝ ውሃ ሰጠኝ፣ አልጠጣሁም። እናቴ አትጠጣ ስላለችኝ ነው።

የቤተ ክርስቲያንን ገመና አደባባይ ማውጣቱን ግን አሁንም አልደግፈውም።

ቡና_በቅቤ

ወንድሜን ደውዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ ትንሽ። «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለኝ። ስልኩን አልዘጋብኝም።

እናት_ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። አንዳንዱን ሁለቴ።

ሐሙስ ቤት ጠራሁትና ነገርኩት። ልጄ አጠገቡ ናት። ቃሉ ምን እንደሆነ፣ ማን ላይ እንደሚባል፣ እኔም ስንት ጊዜ እንዳልኩት። ሹካውን አስቀመጠ። «ጳውሎስስ?» አለኝ። ቃሉ ያው አንድ ነው አልኩት፤ ጳውሎስ ራሱን ነው የጠራበት፣ ሴትዮዋ ግን አንተን ናት የጠራችህ አልኩት። ሌላ እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ራሱን ነቀነቀ። ያመመው የሴትየዋ አልነበረም። «አንቺ አዎ ብለሽኝ ነበር» ነው ያለው። ይቅርታ ጠየቅኩት። እሺ አለኝ። የምሩን ይሁን አይሁን ገና አላወቅኩም።

እሁድ እኛ ጋ አልመጣም። አያቱ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው አለ፤ ባፕቲስት ናቸው። አብሬው ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ፤ ዲያቆን አይቆጡኝ። ኮፍያቸው እንደ ዣንጥላ የሰፋ እናቶች ናቸው የተቀበሉኝ። ከኋላ ልቀመጥ ስል እጄን ይዘው ፊት ወሰዱኝ። አንዷ ከየት ነሽ አለችኝ። ኢትዮጵያ አልኳት። እጄን አልለቀቀችም። ዓይኗን ጨፈነችና ያን መዝሙር በቃሏ አለችልኝ፣ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን። አያቷ ናቸው ያስተማሯት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ወር የሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነው። ጽዋው እኔ ቤት ይመጣል። ሴትየዋም ትመጣለች፤ ደውላ «ዳቦውን ልድፋልሽ?» ብላኛለች። እሺ አልኳት። የነገረ ሰው የለም መሰለኝ፣ ምንም አታውቅም። ልጄና እሱም እንዲገኙ ነግሬያቸዋለሁ። እሱ እስኪ አስብበታለሁ ብሏል። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ልናገር ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ነው የጨነቀኝ።

ዲያቆኑ

አልቆጣም። ጸሎቱን እኔ እንድመራ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ሴትየዋን ግን ከማኅበሩ በፊት ለብቻዋ ቢያናግሯት፤ ማቴዎስ 18ም አለና።

ጆበርግ_ሱቅ

ዲያቆን፣ አሁን በአደባባይ አላልክም?

ዲያቆኑ

ብያለሁ። አንዴ ብቻዋን ይንገሯት፤ እንቢ ካለች በአደባባይ።

የሸክላ_ሠሪዋ_ልጅ

የእኔ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ባሌን ይዤ እመጣለሁ፤ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። የአያቴ ጀበና እኔ ጋ ነው። ቡናውን እኔ ላፍላ?

እናት_ከሜሪላንድ

ነይልኝ የኔ ልጅ። ስኒ ግን ያንሰኛል፣ ያለሽን ያዢ።

የዲሲ_ባለታክሲ

እኔም አለሁ። ፓርኪንግ አለ ወይስ መንገድ ላይ ነው?

እናት_ከሜሪላንድ

መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ከመጣህ ታገኛለህ።